የግራዝማች አላምረው ምስክር

ጎንደር ውስጥ ከጣሊያን ጋር ያልተዋጋ ወንድ ካገኛችሁ፣ ያለጥርጥር ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ሁሉ አርበኛ ነው፤ አርበኛም ብቻ ሳይሆን የጦር መሪ ነው። ሁሉም ሲመራ ማን ይከተል እንደነበር እስካሁን የነገረን የለም።

የእነዚህ ሁሉ አውራ ጎረቤቴ ክቡር ግራዝማች አላምረው ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ቀሐ ወንዝ ዳር ቤት ሲሠሩ ባላምባራስ ነበሩ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲለብስ ግራዝማች ሆኑ። አሁን አጥር እያጠሩ ስለሆነ ቀኝአዝማችነቱን በጉጉት እየጠበቅን ነው።

ሠርግ ላይ ጠላው ሳይቀዳ ይነሣሉ። «ዘራፍ!» ይሉና የአርማጭሆውን ገደል ውጊያ ይጀምራሉ። ብቻቸውን አፋፉን ይዘው የባንዳውን ጦር እንዴት እንዳቆሙ፣ የባንዳውን አለቃ ቀይ ቆብ በአንድ ጥይት ከራሱ ላይ እንዴት እንዳበረሩ። መጀመሪያ ስሰማ የወደቀው ጠላት ሦስት ነበር። በአምሳል ሠርግ ሰባት፣ በእንኳየሁ ልጅ ክርስትና አሥራ ሁለት ደረሰ። የሞተ ሰው ሲራባ ያየሁት በእሳቸው ዘንድ ብቻ ነው።

የተጠራጠረ ወዮለት! ጣታቸውን ይቀስሩና «እዚያ ነበርህ?» ይሉታል። ማን ነበርኩ ይላል?

ከጎናቸው የማይጠፉት ቆዳ ነጋዴው አያ ወልደ ገብርኤልም ነበርኩ አይሉም። በጣሊያን ጊዜ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ «ንግድ ላይ» ብለው ያልፋሉ። ወሬው ቆቡ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ መላጣቸውን ይዳስሳሉ። እኔ ብርድ ይመስለኝ ነበር።

አምና ለአርበኞች ሜዳሊያ ሊሰጥ ነው ተባለ። የግራዝማችን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለቱን ለምኜ ሰባት ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ግራዝማች፣ አያ ወልደ ገብርኤልና እኔ ሦስታችን ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው አንብቦ ሲያበቃ «በዓይኑ ያየ ምስክር ያምጡ፤ መዝገቡ ዛሬ ይዘጋል» አለ።

ለካ ግራዝማች ብቻቸውን አልነበሩም፤ የአራት ሰው ስም ጠሩ። አራቱም ሞተዋል።

«ታዲያ እዚያ የነበረ ማን አለ?» አለ ጸሐፊው።

ግራዝማች ዓይናቸውን ከጸሐፊው ላይ አላነሡም፤ ወደ ጎን፣ ወደ አያ ወልደ ገብርኤል፣ እንዳይሄድባቸው የፈሩ ይመስላሉ።

«እኔ ነበርሁ» አሉ አያ ወልደ ገብርኤል። «አፋፉን ይዞ ሲያግደን አይቸዋለሁ። ቆቡንም የመታው እሱ ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። «ሲያግደን? እርስዎ በየትኛው ወገን ነበሩ?»

የአያ ወልደ ገብርኤል እጅ ቀስ ብሎ ወደ መላጣቸው ወጣ። ለካ የቀዩ ቆብ ባለቤት፣ የባንዳው አለቃ፣ እሳቸው ኖረዋል! አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት አርበኞች ሁሉ ዞረው ያዩአቸው ጀመር። እዚያ ቤት «ባንዳ ነበርሁ» ያለ ሰው ቀሐ ተመልሶ አይኖርም። አያ ወልደ ገብርኤል ግን እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ከእኔ ጋር ነዋ!» ብለው ግራዝማች ጮኹ። «ምነው? ይህም ይጠየቃል? ከጎኔ ሁኖ ነው የተኮሰ!»

ጸሐፊው ጻፈ፤ ሜዳሊያውም መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፉከራው ተለውጧል። አሥራ ሁለቱ ሟቾች ለሁለት እኩል ተከፍለዋል፤ ስድስቱ የግራዝማች፣ ስድስቱ የአያ ወልደ ገብርኤል። ቆቡ ጭራሽ አይነሣም። ግራዝማች ከክብራቸው ቆርሰው ለሰው ሲሰጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ።

በቀደም ሠርግ ላይ አንዱ ሚዜ «አያ ወልደ ገብርኤልም ተዋግተዋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ግራዝማች ጣታቸውን ሊቀስሩ ሲነሡ ቀደምኳቸው።

«እዚያ ነበርህ?» አልኩት።