ለዳገት የታጨች ፒካፕ

መኪና መምረጥ ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ መኪና ገዝቶ አያውቅም፣ ወይ ደላላ ነው። እኔ ብቻዬን ሳይሆን ከነእድሬ ፒካፕ የመረጥኩ ሰው ነኝና፣ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ብፎክር ያምርብኛል።

ነገሩ የጀመረው ከተሳቢው ነው። ሌላው ሰው መጀመሪያ መኪና ይገዛል፣ ከዚያ ተሳቢ ይፈልጋል። እኛ የየካ ሰዎች ተሳቢ አገኘንና መኪና ፍለጋ ወጣን። ኮርቻ ስላገኘ ፈረስ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኛን እዩ።

ተሳቢውን የሰጠን ያገለገለ የውጭ እቃ የሚነግድ የእድራችን አባል ነው። በኮንቴይነር ከመጣ እቃ መሃል ብቅ አለበት፣ ገዢ አጣለት፣ ለእድሩ ለገሰው። ጎኑ ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። ወፍራም ጃኬት የለበሰ መነጽራም ሰውዬ፣ ጎማ በሌለው ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ ተራራ ላይ በረዶ እያቦነነ ይበራል። ምንድነው ብለን ብናጠያይቅ፣ ለካ ተሳቢው የተሠራው የበረዶ ሞተር ለመጫን ኖሯል። እነዚያ ሰዎች ብርዱ ሲመጣ ሞተራቸውን እዚህ ላይ ይጭናሉ፣ በፒካፕ ያስጎትታሉ፣ ተራራ ይወጣሉ። ለምን ይመስላችኋል? ተመልሰው ለመውረድ! ሥራ መፍታት ስንት ዓይነት ነው ጎበዝ።

ጋሽ ሽመልስ ግን ሥዕሉን አይተው አፍታም አልቆዩ። ጋሽ ሽመልስ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ቢወጡም፣ ሲናገሩ አሁንም ስብሰባ የሚከፍቱ ነው የሚመስሉት። “የበረዶ ተራራ የወጣ ተሳቢ እንጦጦን አይፈራም” ብለው አሳወቁ። ተሳቢ በራሱ እንደማይወጣ፣ የሚያወጣው መኪናው እንደሆነ እስክናስረዳቸው ድረስ አበሳችንን አየን።

አሁን ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩን ላጫውታችሁ። እድራችን አንድ ይሁን እንጂ ሰፈሩ ሁለት ነው። ታች ሰፈር እኛ ነን፣ አስፋልት ዳር። ላይ ሰፈር ደግሞ የእንጦጦን ዳገት ይዞ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሰፈረው ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ የሚቀመጠው ታች ነው። ላይ ሰፈር ሐዘን ሲደርስ፣ ድንኳኑ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሲደርስ ለቀስተኛው በፀሐይ ተጠብሶ፣ ወይ በዝናብ በስብሶ ይጠብቀዋል። ይህ አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ቢሆን ባልከፋ። ሁልጊዜ ሆነ። የላይኞቹ ሰዎች መረራቸው።

የላይ ሰፈሩ አፈ ጉባኤ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ አሁን የባሕር ዛፍ አጣና ይነግዳሉ። ሰውዬው አይጮሁም። ለዚህ ነው የሚያስፈሩት። አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ልጃቸውን ጫልቱን ከፋሲካ በኋላ እንደሚድሩ ነገሩን። እልል አልን። እስክንጨርስ ጠበቁን። ከዚያ ረጋ ብለው፣ በሰርጉ ቀን ድንኳኑ በሰዓቱ ከደረሰ አንድ እንደሆንን እንቀጥላለን፣ ካልደረሰ ግን ላይ ሰፈር የራሱን እድር ያቆማል አሉና ቁጭ አሉ። 

መቼም አብሮ የኖረ ሰፈር በድንኳን ምክንያት ሲለያይ እንዴት ይታያል? እኔ አባቴን የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። እነሱ ሲወልዱ ገንፎ የበላሁት እኔ ነኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ዕለት ሆዴ ባባ። እንግዲህ ፒካፕ ፍለጋ የወጣነው በዚህ ጭንቀት ነው።

ለአስመራጭ ኮሚቴነት ጋሽ ሽመልስ፣ ኦቦ ቶሎሳና እኔ ተመረጥን። እኔ ለምን ተመረጥኩ? ስልኬ ላይ ቪዲዮ ስለማይ። የበረዶ ሞተር ተሳቢ እንዴት እንደሚጎተት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉላችሁ፣ ሌት ተቀን ሲከራከሩ የሚውሉ። ክርክራቸው ሁሉ ስለ ግማሽ ቶን ፒካፕ ነው። ግማሽ ቶን ሲባል ግማሽ ቶን ብቻ የምትጭን እንዳትመስላችሁ። ስሙ የድሮ ነው፣ መኪናዋ ግን ጎልምሳለች። የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ “ሚጢጢ” እያለ የሚጠራው ግንበኛ በበር ሲገባ ጎንበስ ይል የለ? እንደሱ በሉት። ከዚያ ሁሉ ክርክር የያዝኩት ይህን ነው፦ ዳገት የሚያወጣ ጉልበት ነው፣ ከቁልቁለት የሚያተርፍ ግን ፍሬን ነው። ከባዱ እቃ ወደ ተሳቢው ፊት ይጠጋ። ሞተሩ ሲግል ቁሙ። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ጋሽ ሽመልስ “ኢንጂነር” ይሉኝ ጀመር። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለጣመኝ ነው።

የመጀመሪያዋን ፒካፕ ያየናት መገናኛ አካባቢ ነው። ደላላው ገና ሳንጠይቀው፣ ሴት ሐኪም የያዘቻት፣ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ብቻ የተነዳች መኪና ናት አለን። አዲስ አበባ ውስጥ በሴት ሐኪም ያልተያዘ መኪና አይሸጥም። ይህን ሁሉ መኪና የሚነዱ ሐኪሞች ካሉን፣ ወረፋው ከየት መጣ? ጋሽ ሽመልስ ግን ልጃገረድ ሊያጩ የሄዱ ሽማግሌ መሰሉ። እናት አባቷ እነማን ናቸው፣ ከማን ቤት ወጣች፣ ማን ማን ያዛት እያሉ ዘር ቆጠሩ። ኦቦ ቶሎሳ በበኩላቸው ከሥር አጎንብሰው አዩና፣ ሐኪሟ ድንጋይ ትጭን ነበር እንዴ ብለው ጠየቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ትተናት ሄድን።

ሁለተኛዋ ቪዲዮው ላይ የማያት ዓይነት ነበረች። አምስት ሰው የምትይዝ ባለ ሁለት ጋቢና፣ አፍንጫዋ ከእኔ ሳሎን የሚረዝም። ልቤ ተሰረቀ። ነገር ግን የላይ ሰፈርን መንገድ ታውቁታላችሁ? ባንድ በኩል የድንጋይ አጥር፣ ባንድ በኩል ገደል ቢጤ። ኦቦ ቶሎሳ ክንዳቸውን ዘርግተው የመኪናዋን ወርድ ለኩ። ክንዳቸውን እንደዘረጉ ወደኛ ዞሩና፣ “ይቺ እኛ ጋ ከመጣች ወይ እሷ ትገባለች፣ ወይ አጥሩ ይወጣል” አሉ። ተሰናበትናት። እኔ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየኋት።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ካራ ነው። የአንድ ሥራ ተቋራጭ ነበረች። ባለ አንድ ጋቢና፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ መልኳ የሰነበተ ሽሮ የመሰለ፣ ከኋላዋ ግን ጠንካራ መጎተቻ ያላት። ጋሽ ሽመልስ መልኳን ጠሉት። የእድር ንብረት ግርማ ሞገስ ሊኖረው ይገባል አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ግን፣ በሬ የሚገዛ ሰው አርሶበት እንጂ ቀንዱን አይቶ አይገዛም ብለው ተሳቢውን አስመጡ። አግዳሚ ወንበሩን በሙሉ ጫንንበት። በአስፋልቱ እንጦጦን ወጣን። ቀጥ ብላ ወጣችው! አናቱ ላይ ሰፊው ሜዳ ላይ ተንሸራሽራ ዞረች፣ በፍሬኗ እየተያዘች ቀስ ብላ ወረደች። ጋሽ ሽመልስ መልኳን ይቅር አሏት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቪዲዮዎቹ አንዱ ተሳቢ የያዘ መኪና ወደ ኋላ እንዴት እንደሚነዳ ያሳያል። ለኮሚቴው አቅርቤው ነበር። ጋሽ ሽመልስ ተቆጡ። “እኛ መኪና የምንገዛው ወደ ፊት ለመሄድ ነው!” አሉ። አጨበጨብን። ጉዳዩ ተዘጋ።

የሰርጉ ዕለት ገና ሲነጋ ድንኳኑና ወንበሩ ተጫነ። ሹፌራችን ታምራት ነው፣ የመገናኛ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ ከዳገት ጋር የማይጣላ። ፒካፗ ተሳቢውን አስከትላ፣ በረዶኛው ሰውዬ በተሳቢው ጎን ላይ እየበረረ፣ ላይ ሰፈር ገባች። ላይ ሰፈር ገና ፊቱን እየታጠበ ነበር! የሰፈሩ ልጆች እያጨበጨቡ ተከተሏት። ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ቆመው በኦሮምኛ “ኤዬ፣ ኤዬ”፣ አዎ አዎ፣ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ እኛም ቁርስ በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ራት ሆኖኝ አያውቅም።

ታዲያ ጋሽ ሽመልስ አላስችል አላቸው። ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት መኪናዋ ወርዳ መንገዱ ይለቀቅ አሉ። መዞሪያ የለም። ታምራት የኋላ ማርሽ አስገባ። ወዳጆቼ፣ ተሳቢ የያዘ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን ታምራት አያውቅም። ማንም አያውቅም፤ እኔም ከቪዲዮው ያየሁት ጠፍቶብኛል። ሁላችንም ግን “ግራ! ቀኝ! መልስ! ቁረጥ!” እያልን አስተማርነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመውም አልተረፈን። ተሳቢው እጥፍ ብሎ፣ አንድ ጫፉ አጥሩ ላይ፣ አንድ ጫፉ አፋፉ ላይ፣ መንገዱን እንደ ሳንቃ በር ዘጋው። መጎተቻው ተነክሶ አልላቀቅ አለ።

በዚህ መሃል ከታች ጥሩምባ ተሰማ። የሙሽራው አጀብ ከካራ ደረሰ።

የጋሽ ሽመልስን ፊት ብታዩት! ድንኳኑ በሰዓቱ ደረሰ፣ ሙሽራው ግን ሊገባ አልቻለም። ላይ ሰፈር ምን ይላል? ታቾቹ ሐዘናችንን ሲያዘገዩ ኖረው፣ ዛሬ ደግሞ ሰርጋችንን ዘጉ አይልም? ኦቦ ቶሎሳ ከድንኳኑ ወጥተው ዳገቱ አናት ላይ ቆሙ። ተሳቢውን አዩ። እኛን አዩ።

ሚዜዎቹ ከመኪና ወረዱ። ተሳቢውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? መዝፈን ጀመሩ!

ለካ እነሱ የመሰላቸው የወጉ ነው። የሙሽሪት ወገን ሰርገኛን በር ላይ አግዶ አላስገባም ማለቱ፣ የሙሽራው ወገን ደግሞ ዘፍኖ፣ ተለማምጦ፣ ሽቶ ረጭቶ መግባቱ ያለ ነው። እንዲህ ያለ እገዳ ግን አይተው አያውቁም። ዋናው ሚዜ ተሳቢውን ተሻግሮ፣ በፒካፗ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ታምራትን ሽቶ በሽቶ አደረገውና በሩን እንዲከፍት ለመነው። ታምራት ላቡን እየጠረገ፣ “ወንድሜ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ አልቻልኩም!” አለው። ሚዜው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ይሄ የዋዛ አይደለም፣ ድምፅ ጨምሩ አላቸው። ታምራት የእውነቱን በማለ ቁጥር፣ እነሱ የባሰ ዘፈኑ።

ዘፈኑን የሰሙት የጫልቱ ጓደኞች ከድንኳኑ ተንጋግተው ወረዱ። ነገሩ ገባቸው አልገባቸው አላውቅም፣ ብቻ ተሳቢው ላይ ወጥተው እገዳውን ተረከቡት። ከላይ ሴቶቹ፣ ከታች ወንዶቹ፣ መሃል በረዶኛው ሰውዬ። ዳገቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሙሽራው ራሱ ከመኪናው ወርዶ እስክስታ ወረደ። በመጨረሻ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው፣ በጉልበት እንገባለን ብለው ተሳቢውን ያዙ። እኛም የታች ሰፈር ሰዎች ሳናፍር አብረናቸው ያዝን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተሳቢው ብድግ ብሎ ከአጥሩ ተላቀቀ። እልልታው ሲቀልጥ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ሽመልስ ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ሄዱ። አፋቸውን ሲከፍቱ ኦቦ ቶሎሳ ቀደሟቸው። በሳቅ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ “ድንኳን የሚያመጣ እድር አይቻለሁ። በር ተሸክሞ የሚመጣ እድር ግን ሰምቼም አላውቅ። ከእናንተማ እንዴት እንለያለን!” አሉ። ጋሽ ሽመልስ ይቅርታቸውን ዋጥ አደረጉና፣ ኮሚቴው አስቦበት ያደረገው መሆኑን ገለጹ።

እድራችን ይኸው አንድ ነው። ላይ ሰፈር ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ከለቀስተኛው ይቀድማል። ሰርግ ያለው ሰው ደግሞ ወደ እድሩ ሲመጣ ስለ ድንኳን አይጠይቅም፤ ያቺ ፒካፕ ትመጣልናለች ወይ ነው የሚለው። ያን ሁሉ መንገድ ዞረን፣ እንድትሄድልን የመረጥናት መኪና፣ የተወደደችው በመቆሟ ሆነ።

ታምራትም ከዚያ ወዲህ ቪዲዮውን ከእኔ ጋር ተቀምጦ አይቶ፣ ወደ ኋላ መንዳቱን አሳምሮ ተምሯል። ኮሚቴው ግን በሰርግ ቀን እንዳይሞክረው በሙሉ ድምፅ ከልክሎታል።