ከላባ የቀለለው አማላጅ

ሥልጣኔ በር እያንኳኳ ቢዞር ኖሮ በመጀመሪያ እኛ ቤት ይገባ ነበር፤ አማቼ ተመራማሪ ነውና። ልጄን ያገባው ይህ ሊቅ የሚሠራው ሚድልዌር የሚሉትን ነገር ነው። አዋላጆች ይዘዋት በሚዞሩት ትንሽ የእጅ መሣሪያና በሆስፒታሉ ትልቅ ኮምፒዩተር መሀል ቆሞ መልእክት የሚያቀባብል አማላጅ ማለት ነው። መሣሪያዋ አቅመ ደካማ፣ ባትሪዋም ቶሎ የሚዝል ስለሆነ አማላጁ ከላባ መቅለል ነበረበት።

የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ በአማቼ ኮምፒዩተር ሳሎኔ ውስጥ ስለሚካሄድ ሳልጋበዝ እካፈላለሁ። ሥራ አስኪያጁ፣ ምስጋና ይድረሳቸውና፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ከፈቱት። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ የየራሱን ሎሚ አዋጣ፤ ሎሚው ሁሉ ያቺው አንዲት መሣሪያ ውስጥ ገባ። ጥበቃ ክፍል ቁልፍ በቁልፍ ላይ ደረበ። ሕዝብ ግንኙነት የሚሽከረከር ዓርማ አመጣ። ቅለቱን የሚመዝን ሌላ ፕሮግራም ተጨመረ፤ መዛኙ እንዳይሳሳት ደግሞ ተቆጣጣሪ ተሾመለት።

«አንተ፣ ይኼ ነገር አልከበደም?» አልኩት።

«እማማ፣ ቅለቱ እኮ በየደቂቃው እየተረጋገጠ ነው።»

«እሱ ነዋ የከበደው።»

«ሙያ ነው፣ አይገባዎትም።»

ያን ጊዜ ዝም ማለቴን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

አንድ ቀን ነፍሰ ጡሯን ልጄን እዚሁ ቤት ምጥ ያዛት። አዋላጇ መጥታ ብታያት ሕፃኗ የምትመጣው በእግሯ ነው። አምቡላንስ ለመጥራት መሣሪያዋን ብትነካት፣ «ቅለት በመረጋገጥ ላይ ነው፤ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«በስልክ ደውዪላቸዋ፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው።»

«በስልክ አይቀበሉም እማማ። ከሥልጣኔ ወዲህ ተከልክሏል።»

አማቼ ሚስቱ አጠገብ ተንበርክኮ መሣሪያዋን ይዳብሳል። «ሞቃለች» ይላል፤ «እየሠራች ነው ማለት ነው።»

እሱን ገፋ አድርገን፣ እኔ ልጄን ደግፌ፣ አዋላጇም እጇን ታጥባ ገባንበት። ሕፃኗ ወጥታ ዝም አለች። አዋላጇ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ኋላ ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማ፤ ቁልፍም ዓርማም አላስፈለጋትም።

በማግስቱ እናትና ልጅ ተኝተው ሳለ አምቡላንሱ እያለቀሰ ደረሰ። አማቼ መሣሪያዋን ሳማት። «መልእክቱ ደረሰ፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል» አለ። ሥራ አስኪያጁም በኮምፒዩተሩ ስለ ድሉ ንግግር ጀመሩ።

«ወላዷ የት አለች?» አለ ከአምቡላንሱ የወረደው ነርስ።

«በሰላም ተገላግላለች፣ ሂዱ።»

«እናቴ፣ ባዶ መኪና ከመለስን ጥሪው አይዘጋም። ሰው መጫን አለብን።»

እኔ አሠራር አከብራለሁ። አማቼን ጫንኩላቸው።