በእኛ እጅ የሚቸሩት እመቤት

በየትኛውም ስብሰባ ላይ ቶሎ እጅ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም። «ይህን ሥራ ማን ይሠራልናል?» የሚለው ጥያቄ ገና ተብሎ ሳያልቅ እጁ ጣሪያ ይነካል። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው ሰው ቢኖር እሱን ነው፤ ምክንያቱም ያ የወጣው እጅ የራሱ አይደለም። የእናንተ ነው። እናንተ ስብሰባው ላይ አልነበራችሁም፤ ቤታችሁ ጋደም ብላችሁ ነበር፤ እጃችሁ ግን ወጥቷል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ይነገራችኋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት የለም። አክስት ሆኖ፣ የክፍል አለቃ ሆኖ፣ የሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ዕጣዬ ሆኖ አሠሪ ሆነው ደረሱኝ። አራት ሰው ብቻ የምንሠራባት ትንሽ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት፣ የከተማው በጎ አድራጎት ማኅበራት ሁሉ ጥላ፣ የሠራተኞቻቸው ቅዳሜና እሁድ ብቸኛ ባለአደራ፣ ክብርት እኛ-አለን።

ስሙን ያወጣንላቸው ከኋላቸው ነው፤ ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን። የስሙም ምንጭ በቀን ቢያንስ ሰባት ጊዜ የሚሏት ንግግር ናት፦ «ችግር የለም፣ እኛ አለን!» «እኛ» ማለት ዲዛይነሩ፣ ፎቶ አንሺዋና የማስታወቂያ ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነን። እሳቸው ራሳቸው በዚህ «እኛ» ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

አንድ ቀን ራሳቸውን አሟቸው ክኒን ሊገዙ ፋርማሲ ሄዱ። ወረፋው ላይ ከፊታቸው የቆመው ሰውዬ ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር በነፃ የሚጠግን ወርክሾፕ ኃላፊ ኖሯል። ወረፋው አምስት ሰው ቢሆን ነው። እትዬ ሲመለሱ ራስ ምታቱ ለቋቸዋል፤ ወደ እኛ ተዛወረ እንጂ የት ይሄዳል። ወርክሾፑ አርማ፣ ብሮሸርና በሩ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ቃል ተገብቶለታል። እስከ ዓርብ።

«እትዬ፣ ዓርብ እኮ የፍራሽ ፋብሪካውን ሥራ የምናስረክብበት ቀን ነው» አልኳቸው።

«እሱማ እሱ ነው። ይቺ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።»

«አርማው ብቻ ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«ለሌላ ሰው! ለእናንተ ግን አምስት ደቂቃ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንዲህ እያሞገሰ የሚጭን ሰው ምን ብለው ይጣሉታል? ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ አምስት ደቂቃዋን ስንሠራ አመሸን።

ዲዛይነራችን ዝምተኛ ነው። ዝምታው ደግሞ ለእትዬ እንደ ፈቃድ ፊርማ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አርማ እንደሚሠራ የሰማው ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ዘጠኝ ሰው ሲሆን ዘጠኙም አርማው ውስጥ የሚገባ ነገር ይዘው መጡ። አንዱ መጽሐፍ፣ አንዷ እጅ፣ ሌላው ፀሐይ፣ ሌላዋ ዛፍ፣ ከዚያ ርግብ፣ ከዚያ የዓለም ካርታ፤ የሒሳብ መምህሩ ደግሞ ማስመሪያ ካልገባ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። የግምጃ ቤት ንብረት ቆጠራ እንጂ አርማ አልመስል አለ። አስራ አራት ጊዜ ሠራው። በአስራ አምስተኛው ሁሉንም ጠራርጎ አውጥቶ ሁለት የሚነጋገሩ እጆች ብቻ አስቀረ። ያምር ነበር። ኮሚቴው ትክ ብሎ አየና «ማስመሪያውስ?» አለ። ጨመረው።

የፎቶ አንሺዋን ነገርማ ባሏ ቢናገረው ይሻል ነበር። እትዬ የአንድ አረጋውያን መዋያ አዛውንትን ሁሉ ፎቶ እንደምታነሣ በስሟ ቃል ገቡ። አርባ ናቸው። አርባውም ፎቷቸውን አይተው «ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር በግራ ጎናቸው ብቻ ካልሆነ አልነሣም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አራት እሁድ ሙሉ ደግማ ደጋግማ አነሣቻቸው። በአራተኛው እሁድ ባሏ ደወለልኝና በትሕትና ጠየቀኝ፦ «ወንድሜ፣ ሚስቴን ለማየት ስንት ዓመት መሙላት አለብኝ?»

ጦሱ የመጣው ግን በስልክ ነው። መዋያው ውስጥ ስልክ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። «ችግር የለም፣ ብሮሸሩ ላይ የእኛን ቁጥር አድርጉበት» አሉ እትዬ። ለመዋያው የተፈቀደ ለደም ለጋሾች ማኅበር ሊከለከል ነው? ለደም ለጋሾቹ የተፈቀደስ ለወርክሾፑ? በስድስት ዓመት ውስጥ የቢሯችን ቁጥር የአስራ አንድ ማኅበራት ቁጥር ሆኖ አረፈው። ጎማው የፈነዳበት ወንበር ይደውላል። ደሙን ሊሰጥ ፈልጎ መርፌ የሚፈራ ይደውላል፤ እስኪረጋጋ እናወራዋለን። ጠዋት ጠዋት ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንዲት እናት ይደውሉና «ልጄ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ይላሉ። ማን እንደሆኑ፣ ቁጥራችንን ከየትኛው ብሮሸር ላይ እንዳገኙት አናውቅም። መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ዲዛይነሩ ስለሆነ ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ አስተላልፋለሁ። ተሳስቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቸርነት የሚቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር፦ በፍራሽ ፋብሪካው። የቢሮው ኪራይም የእኛም ደመወዝ ከእሱ ነው የሚመጣው። ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አልታደሰም ማለት ድርጅቷ የለችም ማለት ነው። ይህን ከእትዬ እስከ ሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ የማያውቅ የለም።

ዘንድሮ ውሉ ሊታደስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፋብሪካው የአዲሱን ሱቁን መክፈቻ ቀን ወደ ሌላ ሳምንት አዞረ። የገበያ ክፍል ኃላፊው፣ ቀልጣፋ ወጣት ነው፣ ቢልቦርዱ በአሮጌው ቀን ታትሞ ከመሰቀሉ በፊት ሊነግረን ሁለት ቀን ሙሉ ደወለ። ያ ሳምንት ደግሞ የደም ልገሳ ሳምንት ነበር። የቢሮው ስልክ ለአፍታ ነፃ አልሆነም፤ የእትዬ የእጅ ስልክም ከእሱ አልተሻለም። ቢልቦርዱ ተሰቀለ።

ሐሙስ ጠዋት ወጣቱ ራሱ መጣ። ወንበር ብንሰጠው አልቀመጥም አለ።

«ዛሬ ሱቁ ደጃፍ ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ ነበር» አለ። «በሩ ዝግ ነው። ልጅ ያዘሉ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመው ቆመው፣ እኛን ረግመው ተመለሱ።»

«ምነው ልጄ፣ ብትደውልልን?» አሉ እትዬ።

«ሠላሳ ጊዜ ደውያለሁ! በመከራ ሲነሣ አንዷ ‹የደምዎ ዓይነት ምንድን ነው?› አለችኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳልናገር ለዛሬ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ያዘችልኝና ዘጋችው!»

ፎቶ አንሺዋ ጎንበስ ብላ ካሜራዋን ማጽዳት ጀመረች። ካሜራው ንጹሕ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ማንም አላነሣውም። እትዬ ተነሥተው ቆሙ። ለወሬ ሰንፈው የማያውቁ ሴት ናቸውና አንድ ሰበብ ያመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ «የኔ» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ውሉን ትታችሁ ብትሄዱ አልቀየምም። ከባንኩ በላይ ያለው ድርጅት ጎበዝ ነው፤ ቁጥራቸውን እሰጥሃለሁ። ስልካቸውም ይነሣል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «የእስካሁኑን ሥራችሁን ለእነሱ ማስረከቡ ደግሞ አያሳስብህ። ችግር የለም፣ እኛ አለን።»

ማለትም እንጀራችንን አጥፈን፣ በክብር ተሸክመን ለተፎካካሪያችን የምናደርሰው እኛው ነን። ወጣቱ ሊቆጣ ይሁን ሊስቅ እንደጨነቀው ወጣ።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ወንበራቸውን ጎትተው መሃላችን ተቀመጡ። እንደዚያ ትንሽ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ልጆቼ፣ ያያችሁት ነው። ከዚህ ወር በኋላ ይህን ቢሮ ማቆየት አልችልም። እኔ አንዲት ጠባብ ክፍል ፈልጌ እንደገና እጀምራለሁ። እናንተ ባለሙያዎች ናችሁ፣ የትም አትወድቁም። እስከ ዛሬ ሳልጠይቃችሁ በስማችሁ ቃል ስገባ ኖሬአለሁ፤ ይቺን ግን ልናገርላችሁ አልችልም። ትቆያላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ? ሁላችሁም ለየራሳችሁ ንገሩኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ልጠየቅ ስመኝ ኖሬአለሁ። መልሱን አውቶቡስ ላይ ተለማምጄዋለሁ፤ «አይ እትዬ፣ ይቅርታ፣ አልችልም»፣ ረጋ ባለ ድምፅ። ጥያቄው ሲመጣ ግን ሆድ ባሰኝ። ከቤት ያስወጡኝ መሰለኝ። ለካ ሰው «ትችላለህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው እንግዳ ሲሆን ነው፤ የቤት ልጅማ ሳይጠየቅ ይላካል። እኚህን ሴትዮ እንደምወዳቸው ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ማወቄም አናደደኝ።

ዲዛይነሩ መስኮቱን ያያል። ፎቶ አንሺዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስልኩ እንደገና ሲጮኽ ማምለጫ አገኘሁ ብዬ አነሣሁት። የወርክሾፑ ኃላፊ ነው። ቅዳሜ ወርክሾፑ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ለጥገና የመጡት ወንበሮች ብዙ ስለሆኑ የሚያጥብ፣ እንግዳም የሚቀበል አንድ ሰው ብናውሰው ይለምናል።

ዓይኔን ከእትዬ ላይ ሳልነቅል «እትዬ ይመጣሉ» አልኩት። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ወንበሮቹን ሁሉ እሳቸው ያጥቧቸዋል።»

«ንግግርም ያደርጋሉ በለው» አለች ፎቶ አንሺዋ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ዲዛይነሩ ከመስኮቱ ዞረ። «ጎማም ይነፋሉ» አለ። ከዚያ በፊት በዚያ ወር ሲናገር አልሰማነውም።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?» ብለው ጮኹብን እትዬ። ፊታቸው ሳቅ በሳቅ ነው፤ መሀረባቸውን ግን ለሳቅ አልነበረም ያወጡት።

ፋብሪካው አልተመለሰም። አዲሱ ማስታወቂያው፣ እውነት ለመናገር፣ እኛ እንሠራለት ከነበረው ይሻላል። አሁን የምንሠራው ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው፤ ዲዛይነሩ ሲያስነጥስ የእኔ ወረቀት ይበተናል። ዳቦ ቤቶችና ልብስ ሰፊዎች ሥራ ይሰጡናል፤ ቀጭን ነው፣ ግን አልተዘጋንም። ማኅበራቱም የየራሳቸውን ስልክ አወጡ። ዝናብ ጠያቂዋ እናት ብቻ ቀርተውልናል።

ያን ቅዳሜ እትዬ በማለዳ ሄደዋል። ሦስታችንም የደረስነው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የፎቶ አንሺዋ ባልም ከኋላችን ባልዲ ይዞ መጣ። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ በውሃ ቱቦ ወንበር ሲያጥቡ አገኘናቸው። ቀና ብለው አዩንና ማጠባቸውን ቀጠሉ። ማንም አልላከንም ነበር።