ፀሐይ የተከለከለው ጌታው

ውሻዬ ፀሐይ ተከልክሏል። ይህን መተማ ላይ ለሰው ስነግር መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ለእኛስ ማን ይከልክልልን?»

እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ፀሐይ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው። ቀትር ላይ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ትውላለች። አንድ ከሰሊጥ ማሳ የተለቀመ ውሻ ግን በሐኪም ትእዛዝ ጥላ ሥር ተጋድሞ ይውላል። ሰው ቢቀናበት ይፈረድበታል?

ስሙ ጌታው ነው። ያወጡለት አከራዬ አያ ደሴ ናቸው። ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ስንንቆራጠጥ እሱ ዳሱ ሥር እጁን ዘርግቶ ተኝቶ አዩና «እንዲህ ነው ጌታው» አሉ። በቃ፣ ጸደቀ።

አያ ደሴ ወላጆቻቸው ከደጋ ወርደው እዚህ የሰፈሩ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ለሰሊጥ መጋዘን ሥራ የወረድኩ፣ በእሳቸው አባባል «አስፋልት ያሳደገው» ነኝ። ውሻውን ያገኘነው አብረን ነው፤ ሸሕዲ አጠገብ ካለው ማሳቸው፣ ታጭዶ እንዲደርቅ ከቆመ የሰሊጥ ክምር ሥር። እዚህ ሂላ ይሉታል። እባብ ይኖራል ብለን ሂላውን በዱላ ስንነካካ ውሻ ወጣ። አፍንጫው ተልጧል። የጆሮው ጠርዝ ቆስሏል። ከአፍንጫው እስከ አንገቱ ደግሞ ጥቁር ዘይት ተቀብቷል።

ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቆላ ውስጥ የማይገባበት የለም። ምስጥ ለበላው ቋሚ እሱ፣ ለሚጮህ በር እሱ፣ እከክ ለያዘው ውሻ እሱ። የማሳው ሠራተኞች አዝነውለት ነው የቀቡት። ውሻው ይልሰዋል፣ ያስመልሰዋል። ሲያስመልሰው ደግሞ ያዝኑለትና ደግመው ይቀቡታል።

ጎንደር፣ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ልወስደው ተነሳሁ። የሚኒባሱ ረዳት «ይሄ ተሳፋሪ ነው ዕቃ?» አለኝ። ዕቃ ነው ብል ጣሪያ ላይ ሊጭነው ነው። ተሳፋሪ ነው አልኩ። ጌታው እስከ ጎንደር በመስኮት በኩል ተቀምጦ ሄደ። እኔ መሀል ተጣብቄ።

ሐኪሙ ከቁስሉ ቆንጥሮ ወሰደ፤ ውጤቱ ሲመጣ ጠርቶ ነገረኝ። እከክ አይደለም። ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ቆዳውን እየወጋ ነው። አይድንም፣ ግን በመድኃኒት ይያዛል። ክኒን በየቀኑ፣ በድንገት ማቋረጥ የለም። ፀሐይ ስለሚያባብሰው ፀሐይም የለም። የእብድ ውሻ መከላከያ ክትባት ወጋውና «የት ነው የምትኖሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። መተማ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ።

ለአያ ደሴ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ራሱን ነው የሚወጋው?» አሉ።

«አዎ።»

«ስንት ዝንብ፣ ስንት መዥገር ቆሞለት?»

«አዎ፣ አያ።»

አሰቡበት። «እንዲህ ያለ ዘበኛ እኔም ነበረኝ» አሉ። «ሌባውን ትቶ ከእኔ ጋር ነበር የሚጣላ።»

ክኒን ማስዋጡ ሌላ ጣጣ ነው። በሥጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሥጋውን በልቶ ክኒኑን ሳህኑ ላይ አጽድቶ አስቀመጠልኝ። በእንቁላል ሞከርኩ፣ ያው ነው። መጨረሻ ላይ የሆነው በፉል ነው። የጠረፍ ውሻ አይደል? ፉል የምትሸጠው ዘውዴ ጠዋት ስታየኝ «የማን ይቅደም፣ ያንተ ነው የጌታው?» ትለኛለች። የእሱ ሽንኩርት የለው፣ ቃሪያ የለው። «የታመመ ሰው ነው እንዴ የሚበላው?» የሚል ተስተናጋጅ አይጠፋም። ዘውዴም «መታመሙንስ ታሟል፤ ሰውነቱን እንጃ» ትላለች።

ክኒኑ ያስርባል። ከሁሉ በላይ ግን ያስጠማል። ጌታው ሲጠጣ ምንጭ የሚያደርቅ ይመስላል። ከጠጣ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የአያ ደሴ የበር መቃን ይመስክር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም። ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። በዓመቱ፣ በአጨዳው ሰሞን ናሙና ልወስድ ወደ አያ ደሴ ማሳ ስወርድ ጌታውን ይዤው ሄድኩ። ቤት ብተወው ክኒኑን ማን ይሰጠዋል? የትራክተሩ ተሳቢ ሥር፣ ጥላው ላይ አሰርኩት። ውኃም አስቀመጥኩለት።

አጫጆቹ ከጎጃም አዲስ የገቡ ናቸው፤ ጌታውን አያውቁትም። ያን ሰሞን ደግሞ ያበደ ውሻ አህያ ነከሰ የሚል ወሬ በአካባቢው ይናፈሳል። ምሳ ሊበሉ ራኩባቸው ሥር፣ ማለት በእንጨትና በሣር በሠሩት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጌታው ውኃውን ጨርሶ፣ ገመዱን በጥሶ መጣ። እስቲ አስቡት። አፍንጫው የተላጠ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ውሻ። እኔም ባላውቀው እሮጥ ነበር።

«አብዷል» አለ አንዱ። ማጭድ ያላነሳ የለም።

እኔ ከማሳው ማዶ ነበርኩ። «ተከትቧል» እያልኩ ሮጥኩ። ማጭድ ላነሳ ሰው ስለ ክትባት ማን ያስረዳዋል? አያ ደሴ «ተው፣ የእኛ ነው» እያሉ መሀል ሊገቡ ይሞክራሉ። አንድ ረጅም ጎጃሜ «አንቱ ዞር በሉ፣ እንዳይነክስዎ» ብሎ በግራ እጁ ገለል አደረጋቸው። ቀኝ እጁ ላይ ማጭዱ ከፍ ብሏል። እንደማልደርስ ገባኝ።

ጌታው ማንንም አላየም። በእግሮቻቸው መሀል አልፎ ለመጠጥ ከበርሜሉ የተቀዳው ባልዲ ውስጥ ጭንቅላቱን እስከ ጆሮው ነከረ። ጠጣ። ጠጣ። ማጭዱ አየር ላይ ቀረ።

«ያበደ ውሻ ውኃ አይጠጣም» አለ ረጅሙ።

«ሲያየውም ይሸሻል» አለ ሌላው።

ማጭዶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ደርሼ አጠገቡ ተዘረፈጥኩ። ያ ስንት ጊዜ የረገምኩት ጥም ነፍሱን አተረፈው።

ሰላሙ ግን አልቆየም። ውኃው በትራክተር ከሩቅ የሚመጣ ነው። ጌታው ባልዲውን ጨርሶ ወደ በርሜሉ ዞረ። «ካላበደ ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሰው ውኃ የሚጨርስ?» አለ ረጅሙ። እብድ መስሏቸው ሊገድሉት የነበሩ ሰዎች የምር የተናደዱበት ጤነኛ መሆኑን ሲያውቁ ነው።

ወሬው ተዛመተ። አያ ደሴ በየደረሱበት ያወሩታል፤ በዚያውም ምክር ይሰጣሉ፦ ውሻ ከጠረጠራችሁ ውኃ አቅርቡለት፣ ከጠጣ ደህና ነው።

ክኒን ልገዛ ጎንደር ስወጣ ለሐኪሙ እየሳቅኩ አወራሁለት። እሱ አልሳቀም። ያበደ ውሻም ውኃ ሊጠጣ ይችላል፣ በዚህ አትተማመኑ፣ የእናንተን ውሻ ከበሽታው ያስጣለው ክትባቱ ነው አለኝ።

ተመልሼ ማምሻውን ደጃፍ ላይ ለአያ ደሴ ነገርኳቸው።

«ለማን ለማን ነግረሃል?»

«ለአንቱ ብቻ።»

«እንግዲህ የዘራሁትን ወሬ እየዞርኩ ልልቀም ነው» አሉ። «የእኔንም ውሾች ታስከትብልኛለህ።»

ጌታው በመሀላችን ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ይጠጣል። ልፍ ልፍ ልፍ። ያን ድምፅ አያ ደሴ ስንት ሳምንት ሙሉ በደስታ ሲሰሙት ከርመዋል።

«ይሄኛው ተከትቧል አላልከኝም?»

«ተከትቧል፣ አያ።»

«አውቃለሁ» አሉ። እግራቸውን ግን ቀስ ብለው ሰበሰቡ።