አሥራ ስድስት ቁራጭ

(የልብስ ስፌት ክፍል። በአንድ ጥግ የስፌት መኪና አለች። የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ባለ አሥራ ስድስት ቁልፍ የሙዚቃ መሳሪያና የሸክላ ማጫወቻ ተደርድረዋል። ጋሼ የክፍሉ ባለቤት ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ መኪናዋ ላይ እየሰፋ ነው። ፕሮፍ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሙዚቃ እሠራለሁ ይላል፣ ጠረጴዛውን ከያዘ ሦስት ሳምንቱ።)

ጋሼ፦ ጠመኔዬን አምጣ አልኩህ።

ፕሮፍ፦ ጠመኔህን አላየሁም።

ጋሼ፦ ታዲያ ቁልፎቹ ላይ ቁጥር የጻፍክበት ነጭ ነገር ምንድነው? ዱቄት ነው?

ፕሮፍ፦ በጠመኔ ምክንያት ጥበብ አይቋረጥም ጋሼ።

ጋሼ፦ ደንበኛዬ በአራት ሰዓት ይመጣል። ሱሪው የት እንደሚታጠፍ በምን ላስምር? በምራቄ?

ፕሮፍ፦ ሙዚቃ የምትፈልገው ዘፋኝም በአራት ሰዓት ነው የምትደውለው። ሙዚቃውን ትናንት ልኬላታለሁ። ዛሬ ካልወሰደችው እህቴ ምን እንዳለች ታውቃለህ።

ጋሼ፦ «ይሄ መሳሪያ ከቤቴ ይውጣ» ነዋ ያለችው። ለኔ ትነግረኛለህ እንዴ? አጠገቧ የምተኛው እኔ ነኝ።

ፕሮፍ፦ ስለዚህ መኪናህን አቁምና ላስብበት።

ጋሼ፦ (መኪናዋን ያቆማል) እሺ አቆምኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን እንደሠራህ ንገረኝና እኔም ለእህትህ የምላት ይኑረኝ።

ፕሮፍ፦ ቆረጥኩ።

ጋሼ፦ ምኑን?

ፕሮፍ፦ ድምፅ ነዋ። ከአንድ አሮጌ ሸክላ ላይ ከበሮ ቀዳሁ፣ አሥራ ስድስት ቦታ ቆራረጥኩት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንድ ቁልፍ ላይ ተቀምጧል። ስትጫነው ይጮሃል።

ጋሼ፦ ከቆራረጥከው በኋላስ?

ፕሮፍ፦ መልሼ ገጣጠምኩት።

ጋሼ፦ በምን ተራ?

ፕሮፍ፦ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት።

ጋሼ፦ ሳይቆረጥስ በምን ተራ ነበር?

ፕሮፍ፦ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት።

ጋሼ፦ አልሸሹም ዞር አሉ።

ፕሮፍ፦ አልገባህም። በፊት አልተቆረጠም ነበር፤ አሁን ተቆርጧል።

ጋሼ፦ ሰው ደህና ኮት አምጥቶልኝ አሥራ ስድስት ቦታ ቆርጬ እንደነበረ መልሼ ብሰፋለት፣ «በፊት አልተቆረጠም ነበር» ብዬ ልሸኘው ነው?

ፕሮፍ፦ ኮት ነፍስ የለውም። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የት እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው።

ጋሼ፦ እሱንስ በምን ታውቃለህ?

ፕሮፍ፦ መሳሪያው ያውቃል። ድምፁ ጮክ የሚልበትን ቦታ ጠብቆ እዚያው ላይ ይቆርጣል።

ጋሼ፦ አንተስ?

ፕሮፍ፦ ይቆረጥ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ የሚለውን እጫናለሁ።

ጋሼ፦ ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የፈጀው?

ፕሮፍ፦ መመሪያው እኮ ሁለት መቶ ገጽ ነው።

ጋሼ፦ አነበብከው?

ፕሮፍ፦ መመሪያ የሚያነብ ጀማሪ ነው። (የጆሮ ማዳመጫውን ከመሳሪያው ይነቅላል) እስከዛሬ ብቻዬን ነበር የምሰማው። ዛሬ አንተም ስማ፤ ለምት ባትፈጠርም ትንሽ ይነካሃል።

(አንደኛውን ቁልፍ ይጫናል። ጠ ጠ ጠ… ጠ የሚል ድምፅ ይወጣል።)

ፕሮፍ፦ አራተኛዋ ላይ ዘግየት ሲል ሰማኸው? አውቆ ነው። ይሄ በትምህርት አይገኝም፤ ከእናት ሆድ ይዘውት ነው የሚወጡት።

ጋሼ፦ ቺንጋው፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ላልቶ ነው።

ፕሮፍ፦ ከበሮ ምን ቺንጋ አለው?

ጋሼ፦ እስቲ ሁለተኛውን ጫን። (ፕሮፍ ይጫናል) ይሄ ኪስ ነው።

ፕሮፍ፦ ምን?

ጋሼ፦ የሸሚዝ ኪስ። ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ያበቃል። ሦስተኛውን ደግሞ። (ፕሮፍ ይጫናል) ይሄ ኮሌታ ነው። ጨርቁ ሲደራረብ መርፌው ይከብደዋል።

ፕሮፍ፦ ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ከሙያህ ጋር አታገናኝ። ይሄ ሰው የሞተ ሰው ነው፤ ሸክላው ሲታተም አንተ አልተወለድክም።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣው ገመድ የት ነው የሚገባው?

ፕሮፍ፦ መሳሪያው ውስጥ።

ጋሼ፦ ይሄ እግሬ ስር ተጠቅልሎ አቧራ የጠጣውስ?

ፕሮፍ፦ እሱ ትርፍ ነው።

ጋሼ፦ ሁለት ገመድ ነበረህ?

(ፕሮፍ ከመሳሪያው ጀርባ ይጎነበሳል። ሳይነሳ ይቆያል።)

ጋሼ፦ እዚያው ቀረህ እንዴ?

ፕሮፍ፦ (ከጀርባው) እኔ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ በሰካሁት ማዳመጫ ነበር የምሰማው።

ጋሼ፦ መሳሪያውስ?

ፕሮፍ፦ (መመሪያውን አውጥቶ ይገልጣል) «ገመድ ካልተሰካበት በራሱ ማይክ በዙሪያው ያለውን ድምፅ ይቀዳል።» ገጽ አራት ላይ ነው።

ጋሼ፦ ዙሪያው ላይ ማን ነበር?

ፕሮፍ፦ አንተ ከነስፌት መኪናህ።

ጋሼ፦ ከእናቴ ሆድ ይዤው ወጥቼ ነዋ።

ፕሮፍ፦ አይደለም፣ ቆይ፣ አሥራ ስድስተኛው ላይ ዘፋኝ አለ። ወፍራም የወንድ ድምፅ። ከተለየችው ፍቅረኛው ጋር ነው የሚያወራው። ቋንቋው ዛሬ የሚናገረው የለም። ለዘፋኟም እንደዚያ ነው የነገርኳት።

ጋሼ፦ አሰማኛ።

(ፕሮፍ ይጫናል። ወፍራም፣ የተጎተተ ድምፅ ያቃስታል።)

ጋሼ፦ ሲቀዳም እንዲህ ነበር?

ፕሮፍ፦ ሐዘኑ እንዲወጣ ብዬ ትንሽ አዘግይቼዋለሁ።

ጋሼ፦ እስቲ ወደነበረበት መልሰው።

(ፕሮፍ አንዱን ማዞሪያ ያዞርና ደግሞ ይጫናል። ጥርት ያለ የሴት ድምፅ፦ «ምሳ ቀርቧል አልኩ እኮ። ይሄ ልጅ ጆሮ የለውም እንዴ?»)

ፕሮፍ፦ እህቴ ናት።

ጋሼ፦ ቋንቋውን ዛሬም የሚናገረው አለ ማለት ነው።

ፕሮፍ፦ ተዋረድኩ ጋሼ። (ስልኩ ይጠራል) እሷ ናት። ምን ልበላት?

ጋሼ፦ እውነቱን ንገራት።

ፕሮፍ፦ እውነት ተናግሮ ስም ያወጣ ሙዚቀኛ አሳየኝ። (ያነሳል) አቤት የኔ እመቤት… ወደድሽው? አውቄው ነበር… ከበሮ መቺው? እንዴ፣ እጁን የገራሁት እኔ ነኝ። ለቁም ነገር የበቃው በኔ ነው… ቅዳሜ? በአካል?… ምን ችግር አለ። (ይዘጋል። የጨርቅ ክምር ላይ ይቀመጣል።)

ጋሼ፦ ወሰደችው?

ፕሮፍ፦ ወስዳዋለች። ግን መቺው ቅዳሜ ስቱዲዮ መጥቶ እፊቷ ካልመታ አይሆንም አለች። የሞተው ዘፋኙ ብቻ ነው፣ መቺው ግን በሕይወት አለ ብያታለሁ።

ጋሼ፦ አንተስ ትሄዳለህ?

ፕሮፍ፦ እኔን እንኳን አላነሳችኝም። ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። ጋሼ፣ በእናትህ፣ የስፌት መኪናዋን ተሸክመን እንሂድ።

ጋሼ፦ ቅዳሜ የምጨርሰው ሱሪ አለብኝ።

ፕሮፍ፦ ሱሪውን ይዘኸው ና። አንተ እዚያ ትሰፋለህ፣ እኔ እቆርጣለሁ።

ጋሼ፦ አንተስ ባትቆርጥ ይሻላል። አዎ የሚለውን መጫን እኔንም አያቅተኝም። (ወደ መሳሪያው ጠጋ ብሎ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንደኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ይጫናል። ደግሞ ይደግመዋል። ክፍሉ በምት ይሞላል፤ የፕሮፍ ራስ ሳይወድ ይወዛወዛል።)

ፕሮፍ፦ ይሄን ተራ ማን አስተማረህ?

ጋሼ፦ ሁለት ኪስ፣ ከዚያ ጎን፣ ከዚያ ኮሌታ፤ ኪስ ሳይሰፋ ጎን አይዘጋም። ማን ያስተምረኛል?

(ከውስጥ የጋሼ ሚስት ትጣራለች። ጋሼ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል።)

ፕሮፍ፦ ነገርካት?

ጋሼ፦ ከገመዱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ደስታዋን ብታይ። መሳሪያው ከዚህ ቤት አይወጣም አለች።

ፕሮፍ፦ እሰይ። እህቴን አውቃታለሁ። አንድ ቀን ሙያዬ ይገባታል አላልኩህም?

ጋሼ፦ (ሱሪውን አንስቶ እየተቀመጠ) መሳሪያው ሠርቶ መብላት ጀምሯል፣ ክፍሉ ግን ለሁለታችሁ ይጠባል፣ አንተ ልቀቅለት ብላለች።