ዘጠኝ ሚስማርና አንድ ፊርማ

የጫማ ሥራ ድርጅታችን የማጭበርበር መከላከያ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የጫማው ሙከራ በተጀመረ በሠላሳ አንደኛው ቀን

ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ስምንት ተኩል ላይ የተጀመረ

ቦታ፦ ቆዳ መቁረጫ ክፍል፣ ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ (ጠረጴዛው ላይ ያለው ቆዳ ስላልተነሣ ጸሐፊው የጻፈው ጉልበቱ ላይ ነው፤ የጽሕፈቱ መንጋደድ በዚሁ ይታይለት)

የተገኙ፦

1. የድርጅቱ ባለቤት፣ ሰብሳቢ
2. የሰብሳቢው ሚስት፣ የዕቃ ቤት ኃላፊ፣ አባል
3. የሰብሳቢው የወንድም ልጅ፣ ኬሚስት፣ አባል (ከዚህ በኋላ “ተመራማሪዋ”)
4. ጫማ ሰፊው፣ በቅጽል ስማቸው ራዲዮ፣ አባል
5. የሰብሳቢው ታላቅ ወንድምና የተመራማሪዋ አባት፣ ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ፣ የጫማ ሞካሪ፣ አባል
6. የሒሳብ ሠራተኛው፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ

ያልተገኘ፦ የለም። ይሁንና ተራ ቁጥር 5ን በተመለከተ ቀጥሎ ያለው ይነበብ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኮሚቴው የሚወስነው አምስቱም ድምፅ ሰጪዎች ሲገኙ ነው። ሞካሪው ግን በሙከራው ደንብ መሠረት በቀን ስድስት ሰዓት ሳያቋርጡ መራመድ ስላለባቸው ስብሰባውን የተካፈሉት እየተራመዱ ነው። መንገዳቸው ጠረጴዛውን ዞሮ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን ደርሶ መልስ ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው እሳቸው ሲገቡ ይሟላል፣ ሲወጡ ይጎድላል። ከረጅም ውይይት በኋላ ንግግሩ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል፣ እጅ የሚወጣው ግን ሞካሪው ከመስኮቱ እስከ በሩ ባለው ርቀት ውስጥ ሲሆኑ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ራሱ የተወሰነው ሞካሪው ኮሪደር ላይ ሳሉ መሆኑን ጸሐፊው አስታውሶ ነበር። ሰብሳቢው “አንተ ዝም ብለህ ጻፍ” ብለዋል። ጸሐፊው ዝም ብሎ ጽፏል።

አጀንዳ 1፦ ከድጋፍ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስለደረሰው ደብዳቤ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት ድርጅታችን ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሰጠውን የምርምር ድጋፍ ያገኘው ውሃ የማያላቅቀው የሶል ማስቲሽ ለመሥራት ነው። የመጨረሻው ሪፖርት ነገ ጠዋት ይላካል። ሪፖርቱ ከተወደደ በሁለተኛው ዙር የማስቲሽ ማደባለቂያ ማሽን ይገዛልናል። ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ሰብሳቢው ባለፈው ወር መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ መስመሩን የረገጠ ሁሉ ቁጣ ደርሶበታል።

ደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ተመራማሪዋ በሪፖርቱ ያለው ቁጥር ሁሉ እውነት ስለመሆኑ ይፈርማሉ፤ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ዕድሜ ልካቸውን በማንኛውም ምርምር ላይ አይፈርሙም። ሁለተኛ፣ የዚህ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ሳይፋቅ፣ ሳይሰረዝና ሳይቀደድ ዋናው ቅጂ ይያያዛል።

ኮሚቴው ከተቋቋመ ስድስት ወሩ ነው። በየወሩ መሰብሰብ ነበረበት። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢው የቀሩት አምስት ቃለ ጉባኤዎች ዛሬውኑ በልዩ ልዩ እስክሪብቶ እንዲጻፉ ሐሳብ አቀረቡ። ተመራማሪዋ የማጭበርበር መከላከያ ኮሚቴ ገና ሥራ ሲጀምር እንዲያጭበረብር መጠየቁ እንዳሳፈራቸው ገለጹ። ሰብሳቢው “መጠየቅ ማጭበርበር ነው እንዴ? ለዚሁ አይደል እንዴ የተሰበሰብነው?” ሲሉ መለሱ።

ራዲዮ አባላት ስድስት ጊዜ ተነሥተው ስድስት ጊዜ ቢቀመጡ ስድስት ስብሰባ ይሆናል፣ ውሸትም የለበትም ሲሉ በሰፊው አብራሩ። ከረጅም ውይይት በኋላ (የረዘመው ራዲዮ ስለተናገሩ ነው) ሐሳቡ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። አባላት ስድስት ጊዜ ተነሥተው ተቀምጠዋል። ተመራማሪዋ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ሞካሪው ስድስቱንም ስብሰባ በቁማቸው ተካፍለዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለጠፉት ዘጠኝ ሚስማሮች

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ የሙከራው ጫማ በማስቲሽ ብቻ መያያዝ ስላለበት ሚስማር ያለ ፊርማ እንዳይወጣ አግደው እንደነበር አስታወሱ። ሆኖም ትናንት ሳጥኑን ሲቆጥሩ ዘጠኝ ትንንሽ የጫማ ሚስማሮች ጎድለዋል። “ሦስት ቢሆን ወደቀ እል ነበር፤ ዘጠኝ ግን አይወድቅም፣ ይወሰዳል” ብለዋል።

ሁሉም ራዲዮን አዩ። ሲመቱ ሚስማር አፋቸው ውስጥ ስለሚይዙ ነው። ራዲዮ “እትዬ፣ አፌ ውስጥ ሚስማር ቢኖር ይሄን ሁሉ አወራ ነበር?” ሲሉ ጠየቁ። ኮሚቴው ይህን ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ስላገኘው ነጻ አውጥቷቸዋል።

በዚህ መካከል፣ ለስብሰባው መዶሻው ሁሉ ዝም ስላለ፣ ከሲሚንቶው ወለል ላይ “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ መሰማቱን ጸሐፊው አመለከተ። ሰብሳቢው ድምፁ የግድግዳ ሰዓቱ እንደሆነ ገለጹ። የግድግዳ ሰዓቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል። ሞካሪው ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ድምፁም አብሮ ወጣ፤ ጉዳዩ ግን በአጀንዳ ስላልተያዘ ታለፈ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚስማሩ ሳጥን ሁለት ቁልፍ እንዲኖረው፣ አንዱን ሰብሳቢው፣ አንዱን ባለቤታቸው እንዲይዙ፣ ሳጥኑም ሁለቱ ተስማምተው ሲገኙ ብቻ እንዲከፈት ተወሰነ። ራዲዮ ባልና ሚስቱ ከእሑድ ጀምሮ እንደተኳረፉና ድርጅቱ ያለ ሚስማር ሊቀር እንደሚችል አሳሰቡ። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ “ለሥራ ከሆነ አናግረዋለሁ፤ ይሄን ንገርልኝ” ሲሉ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰብሳቢ እንዲደርስ ለጸሐፊው ነገሩ። ጸሐፊው አድርሷል።

አጀንዳ 3፦ ለሞካሪው ስለሚሰጥ የምስክር ወረቀት

ሰብሳቢው ማስቲሹ ለሠላሳ አንድ ቀን አለመልቀቁ የሁሉም ድካም ቢሆንም በተለይ የታላቅ ወንድማቸው እግር ውጤት ነው ብለው፣ ያዘጋጁትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ፦ “ሠላሳ አንድ ቀን ያለ አንዳች ማታለል ስለተራመዱ።” ንባቡ ጸሐፊውን ትንሽ ነክቶታል፤ አይክድም።

ሞካሪው በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ “እኔስ ይቅርብኝ” አሉ። ሰብሳቢው ይህ የተለመደ ትሕትናቸው ስለሆነ ተቃውሞው በድጋፍ እንዲቆጠር አዘዙ። በዚህም መሠረት ወረቀቱ እንዲሰጥ፣ “በዚህ ቤት ማጭበርበር የሚባል ነገር የለም” የሚል ዓረፍተ ነገርም በሪፖርቱ መግቢያ ላይ እንዲጨመር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ተመራማሪዋ ለሪፖርቱ የሶሉን ፎቶ ለማንሳት ሞካሪው እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቁ። ሞካሪው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። አልተመለሱም። ምልዓተ ጉባኤው ለአራት ደቂቃ ጎድሎ ቆየ። ራዲዮ በዝግታ “ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው... ሠላሳ ዓመት ስመታው የኖርኩት ነገር ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ይህ ለታሪክ ተመዝግቧል።

ሞካሪው ተመልሰው ገቡ፤ በሩን ተደግፈው ቀኝ እግራቸውን አነሱ። በሶሉ ዙሪያ ዘጠኝ የሚስማር ራሶች ተገኝተዋል።

ሰብሳቢው ከሁሉም ቀድመው ተናገሩ። ማስቲሹ “በሚስማር የታገዘ ማስቲሽ” ተብሎ በሪፖርቱ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረቡ። ባለቤታቸው ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አነጋግረዋቸው “ልክ ነህ” አሉ። ራዲዮ በዝምታ እጅ አወጡ። ሐሳቡ በሦስት ድምፅ አለፈ።

ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ እንዳለ እንደሚያያዝ አስታወሰ። ሰብሳቢው “ይሄንንም ጽፈኸዋል?” አሉ። ጸሐፊው ከሚስማሩ ሳጥን ጀምሮ ሁሉንም እንደጻፈ መለሰ። ሰብሳቢው ጸሐፊውን ያዩበትን አስተያየት ለመግለጽ የቢሮ ቋንቋ አይበቃም።

ተመራማሪዋ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “ጋሼ፣ እኔ አባቴን አሳልፌ አልሰጥም። ውሸትም አልፈርምም። ፊርማዬ አንድ ነው፤ እሱ ከሄደ ሌላ የለኝም። ሌላ ሰው ፈልጉ” ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

በዚህ ጊዜ ሞካሪው ቆሙ። በሠላሳ አንድ ቀን ውስጥ በሥራ ሰዓት ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያው ነው። የተናገሩት እንደሚከተለው ተመዝግቧል፦

“በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እዚህ ኮሪደር ላይ፣ የሶሉ ጫፍ ተላቀቀ። ልነግራችሁ ስመጣ ይሄ ታናሽ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ‘ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ?’ አለኝ። ፊቱን አየሁትና ‘ደህና ነው’ አልኩት። በማግስቱም ጠየቀኝ። አንዴ ደህና ነው ካልኩ በኋላ ደህና ማድረግ ነበረብኝ፤ ሳጥኑን ክፍት ሆኖ ሳገኘው ሚስማሩን ወስጄ መታሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሳድል የማንንም ደብዳቤ ደብቄ አላውቅም። ይሄን ግን ደበቅኩ።”

ተመራማሪዋ “አባዬ፣ እኔስ? እኔንም እኮ በየቀኑ ደህና ነው እያልክ አስጽፈኸኛል” አሉ። ሞካሪው አንገታቸውን ደፉ። ተመራማሪዋ ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ፤ “እኔም አጥፍቻለሁ። ሶሉን በየቀኑ ገልብጬ ማየት ነበረብኝ። የአባቴ ቃል ይበቃኛል ብዬ አላየሁም” ብለው የድጋፍ ሰጪውን መሥሪያ ቤት መመሪያ አነሱና አንድ አንቀጽ አነበቡ። ሪፖርት ከመላኩ በፊት በራስ የተገለጸ ስሕተት እርማት ይባላል፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ማጭበርበር ነው። ሰብሳቢው ስለ ሁለተኛው ዙር ምን እንደሚል ጠየቁ። አንቀጹ ስለ ሁለተኛው ዙር ምንም አይልም።

ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ በጠመኔ የተሰመረውን ቦታ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው በርጩማ አመጡ፤ ያስቀመጡትም እዚያው መስመሩ መሐል ነው። “ወንድም ጋሼ፣ ቁጭ በል” አሉ። ሞካሪው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ጫማውን ከወንድማቸው እግር አወለቁ፤ በጉጠትም ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። “እኔ እኮ የምጠይቅህ ስለ ሶሉ ብቻ አልነበረም፤ እግርህን እንዳያምህም ነበር” ሲሉ ተሰምተዋል።

ዘጠኙም ሚስማሮች ለዕቃ ቤት ተመላሽ ሆነው ኃላፊዋ ፈርመው ተረክበዋል።

ሰብሳቢው በሪፖርቱ ላይ “አሥራ አንድ ቀን” ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ ጠየቁ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን የተላቀቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሞካሪው ያን ቀን ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እንደተራመዱ አስታወሱ። ስለዚህ አሥር ሙሉ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መሆኑን ተመራማሪዋ አሰሉ። ሰብሳቢው አንድ ቀን በመቀነሱ ክፉኛ አዘኑ፤ ሃያ ደቂቃው ግን እንዳይረሳ አጥብቀው አሳሰቡ። አልተረሳም።

አጀንዳ 5፦ ማጠቃለያ ውሳኔ

ሁሉም አባላት ተቀምጠው ባሉበት፣ ማንም ኮሪደር ላይ ሳይኖር፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። በዚህም መሠረት ስድስቱ ስብሰባዎች አንድ ስብሰባ ሆነዋል። ሳጥኑ ወደ አንድ ቁልፍ ተመልሷል፤ ባልና ሚስቱ ለመነጋገር ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። “በሚስማር የታገዘ ማስቲሽ” የሚባል ነገር የለም። “በዚህ ቤት ማጭበርበር የለም” የሚለውም ዓረፍተ ነገር ወጥቷል፤ በምትኩ ይህ ቃለ ጉባኤ እንዳለ ይያያዛል። ተመራማሪዋ በዚህ መልኩ ሪፖርቱን ፈርመዋል።

የምስክር ወረቀቱም ተሽሯል። ጸሐፊው ሊቀድደው ሲል ተመራማሪዋ ተቀብለውት “ሠላሳ አንድ ቀን” የሚለውን ሰረዙና “አሥር ቀን ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ” ብለው ጻፉበት። ሌላውን ቃል አልነኩም። ለአባታቸው ሰጡ። የተሻረና የተሰረዘ ወረቀት በሕግ ፊት ዋጋ እንደሌለው ጸሐፊው ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ግን አልተናገረም። ሞካሪው ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ተዘግቷል። ሞካሪው እስከዚያ ድረስ በባዶ እግራቸው በርጩማው ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ዳግመኛ አልጎደለም።