መምህር አዛናውና የታሰረው መልእክተኛ

በየከተማው የራሱ አገር ችግር የማይበቃው፣ በሰው አገር ጠብ የሚጨነቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ወረታም አላት። የእኛው ክቡር መምህር አዛናው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ በሜክሲኮና በቴክሳስ ጉዳይ የከተማችን ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አልቻለም።

ባጃጆች በተራ ሲጣሉ፣ «ቴክሳስም እንዲህ ነው የጀመረው!» ይላሉ። ሠርግ ቤት ሙሽራው ከአማቱ ጋር ሲኳረፍ፣ ድንኳኑ መሐል ብድግ ብለው ያንኑ። አንዴ ለቅሶ ላይ ቄሰ ገበዝ ንብረት፣ «መምህር፣ እባክዎ መጀመሪያ ሟቹን እንቅበር፤ ቴክሳስ ይደረስበታል» ብለዋቸዋል።

ታሪኩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ሜክሲኮ ሰው የሳሳበትን ሰፊ መሬቷን እንዲያለሙላት ከጎረቤት አገር ሰፋሪዎችን ጠራች። መጡ፤ በዙ፤ ከባላገሩ በለጡ። መንግሥት ደነገጠ፤ አዲስ ሰው እንዳይገባ ከለከለ፣ ቀረጥ ጣለ። «ሰፋሪዎቹም ጻድቃን አልነበሩም» ይላሉ መምህር ጣታቸውን ቀስረው። «ባሪያ ይዘው ነው የመጡት። ባርነት ቀርቷል ሲባሉ አሻፈረን አሉ።» በመጨረሻ አቤቱታ ይዞ ዋና ከተማ የሄደውን መልእክተኛ መንግሥት አሰረው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይወርዳል። «ከዚያ ወዲያ የተነጋገረው ጠመንጃ ነው።»

ዘንድሮ ሳቃችን ቆመ።

ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በእኛው ፎገራ ጣና የሸሸበትን ዳርቻ ሩዝ እንዲዘሩበት ተጠርተው ከደጋ የመጡ ገበሬዎች አሉ። ረግረጉን አቅንተው፣ ጎርፉን ችለው፣ ልጅ ወልደው ኖሩ። የነባሩ ሰው ከብት ደግሞ ግጦሽ አጣ። እኔ ከምሠራበት የመሬት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወጣ፦ አዲስ ዘመድ ማስፈር ተከልክሏል፤ ግማሹ መሬት ለግጦሽ ይመለሳል። ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ነኝና የታዘዝሁትን እጽፋለሁ።

ደረሰ የሚባል ረጋ ያለ ሰፋሪ የሁሉንም አቤቱታ ይዞ መጣ። በመሥሪያ ቤታችን ክስ «ሕዝብ ያሳምፃል» ተብሎ ታሰረ።

በማግስቱ ጠዋት መምህር አዛናው ኃላፊያችን ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቢሮ ገቡ።

«መምህር፣ ይኸ ፎገራ ነው፤ ሜክሲኮ አይደለም» አሏቸው ኃላፊዋ ገና ሳይቀመጡ።

«አውቃለሁ። ስለ ሜክሲኮ ልነግርዎት አልመጣሁም።»

እኔ ሥራዬን አቆምሁ። ከአፋቸው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«ደረሰ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው» አሉ መምህር። «ወረቀት የያዘውን ካሰሩት፣ ነገ የሚመጣው ምን ይዞ ይመጣል?»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ፊታቸውን ወደ መዝገባቸው መለሱ። መምህር ወጡና ከፊት ለፊታችን ባለው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቁጭ አሉ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰፋሪዎቹ መጡ። አርባ ይሆናሉ፤ የሚበዛው ዱላ፣ ጥቂቱ ጠመንጃ ይዟል። ፖሊሶቹ መሣሪያቸውን አቀባበሉ። መምህር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና መሐል መንገድ ላይ ቆሙ።

«ደረሰን ስጡን!» አለ ከፊት ያለው።

«ዛሬ አንድ ጥይት ከተተኮሰ አቤቱታችሁን የሚያነብ አይኖርም» አሉ። «ማለፍ ካላችሁ እኔን ረግጣችሁ እለፉ።»

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ያን ጊዜ የደረሰ ሚስት፣ አማከለች የምትባለው፣ ከኋላ ሰዉን እየገፋች ወጣችና መምህር አጠገብ ቆመች።

«እኔ የምፈልገው ባሌን ነው፤ እሱን ደም አይመልስልኝም! ተቀመጡ!»

ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ይህን ሁሉ በመስኮት ያዩ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ብቻቸውን መንገዱን ተሻገሩና ለጣቢያው አዛዥ፣ «ክሱን አንስቻለሁ፤ ልቀቁት» አሉ። ደረሰ ሲወጣ አቤቱታውን እዚያው በሰዉ ፊት አስነበቡት። የመሬቱ ነገር ገና አልተቆረጠም፤ ነባሩም ሰፋሪውም በየሳምንቱ ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ ይሰዳደባሉም። የሞተ ሰው ግን የለም።

የዚያን ቀን መምህርን ወደ ቤታቸው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ልሰናበት ስል፣ «ቆይ ልጄ» አሉኝ፤ «እጄን ትንሽ ያዝልኝ። መንቀጥቀጡ አልቆም ብሎኛል።»

በሁለት እጄ ያዝሁት፤ እስኪቆምላቸው ድረስም አልለቀቅሁትም።